ኤክስ ባደረግኩ ቁጥር

እኔ ጅን፣ ጋኔን በሚባል ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ አሶሳ ላይ አራት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ስለ ጅን ያወራኝን ሁሉ ፊት ለፊቱ ስቄበታለሁ፣ ስለዚህ ይህን ስነግርህ ድሮም ፈሪ ነው እንዳትለኝ።

ሙና የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ "ለወጣቶች የሚሆን አስፈሪ ልብ ወለድ ጽፌያለሁ፣ ይዩልኝ" ብላ ወፍራም ደብተር ሰጠችኝ። አባቷ "መምህርሽ ጥሩ ነው ካላለ እሳት ውስጥ ነው የምጨምረው" ብሏታል። ወይኔ ያ ደብተር! መንፈስ የሰፈረበት ቤት ነው ታሪኩ፣ ቤቱ ፎቅ አለው፣ ምድር ቤት አለው፣ ደጁ ላይ በረዶ ተከምሯል፣ ጸሐፊዋ ግን ከጎረቤት ከተማ ከባምባሲ ወዲያ አልፋ አታውቅም። መንፈሱ ደግሞ በየገጹ "ሃ ሃ ሃ" ይላል፣ እመነኝ፣ የሚስቀው እሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ አነባለሁ፣ በእጄ ቀይ እስክሪብቶ አለ፣ የመምህር በሽታ ነው፣ የሠርግ ጥሪ እንኳ ሳላርም አላልፍም። ገጽ አርባ ላይ መንፈሱ እንደገና ሳቀ፣ ኤክስ አደረግኩበት፣ ከራስጌዬ ግድግዳው ውስጥ ኳ አለ። ቤቱ በቀርከሃ ተሠርቶ ጭቃ የተመረገ ስለሆነ አይጥ ነው ብዬ አለፍኩት። ሌላ ኤክስ፣ ኳ። ሁለት ኤክስ፣ ኳ ኳ። እስኪ ብዬ አንድ የማይረባ መስመር ላይ ራይት አደረግኩ፣ ጸጥ። ልስቅ ሞከርኩ፣ አልወጣ አለኝ።

ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው አከራዬ ሐጃ አመና ናት፣ እሷ ትሆናለች ብዬ ደጋግሜ ተጣራሁ። ንዴቴ መጣ፣ ግድግዳ ነው የሚያዘኝ ብዬ የቀረውን ዘልዬ የመጨረሻው ገጽ ላይ "መጻፍ ይቅርብሽ" ልል "መጻ" እንዳልኩ፣ ኳኳታው ከራስጌዬ ተነስቶ ቀስ እያለ ወረደና ክንዴ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ማንኳኳቱን ትቶ መጫር ጀመረ፣ ልክ ሰው ሲጽፍ። "መጻ"ን ሰረዝኩና ከገጽ አርባ እስከ መጨረሻው ሳላነብ ራይት በራይት አደረግኩት፣ በራሴ አፈርኩ፣ ግን አደረግኩት። ድምፁም ቆመ።

ዝናቡ ሲያባራ ሐጃ ዘንቢሏን ይዛ ከውጭ ገባች።

"ሐጃ፣ ቤት አልነበሩም እንዴ?"

"ወላሂ ኡስታዝ፣ እኔ ከጠዋት ገበያ ነው። ቤት ሰው የለም።" ፊቴን አየችና "ወባ አለ እንዴ?" አለችኝ።

ሰኞ ሙና ደብተሩን ገላለጠች፣ ከገጽ አርባ በኋላ ያለውን ቀይ ራይት ሁሉ አየች።

"ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ አባቴ ይጠይቀኛል። ፈርተዋል?"

"ፈርቻለሁ።"

አልዋሸሁም እኮ። ልጅቷ በደስታ አለቀሰች፣ ደብተሩም ከእሳት ተረፈ። እስካነበብኩት ድረስ ዛሬም ቆሻሻ ነው፣ አልደብቅህም፣ ከገጽ አርባ በኋላ ያለውን ግን አላውቅም፣ መልሺልኝና ላንብበው ለማለትም ድፍረቱ የለኝም።