ወደ ጋና የሚሄድ ሺቶ

ሽታው ኮቢናን የተቀበለው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ስለተበላሸ በደረጃ እየወጣ ነበር። የደረቀ ዓሣ፣ ዝንጅብልና በርበሬ በዘይት ሲቁላላ የሚያወጣው ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሮጊቷ ሚስ ዶሪን በራቸውን ከፍተው አፍንጫቸውን በመሀረብ ይዘዋል።

«እናትህ ዛሬ ልትፈጀን ነው» አሉት።

«ሺቶ እየሠራች ነው፣ ሚስ ዶሪን። ይቅርታ።»

«ይቅርታውን ተወውና ሲደርስ አምጣልኝ።»

ሳቅ ብሎ አለፈ። አራተኛው ፎቅ ላይ ግን እግሩ ቀጥ አለ።

ሺቶ? ዛሬ? በእነሱ ቤት ያ ጥቁር ድልህ ከጋና ይመጣል እንጂ ወደ ጋና አይሄድም። አክስቱ አራባ ከኬፕ ኮስት በመጣች ቁጥር በሦስት ላስቲክ ጠቅልላ ታመጣዋለች፤ አንዴም ፈስሶ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ጉድ አድርጎታል። እነሱ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ የለንደኑን ቤት ዘግተው ለአያቱ ለናና ሰማንያኛ ልደት ወደዚያው ወደ ኬፕ ኮስት ይበራሉ። ለሦስት ሳምንት ብላዋለች እናቱ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሺቶ ለማን ነው?

መልሱን ያውቀው ነበር። ጋና ውስጥ ያደጉ ትልልቅ ሰዎች እሑድ ምሳ ላይ ሲሰባሰቡ ወሬያቸው ሌላ አይደለም፤ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ የእንጨት ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበት የሚቀመጥ ሺቶ። ሺቶ በማሰሮ ሙሉ የሚሠራው አዳሪ ለሚገባ ልጅ ነው።

እናቱ ኤሲ የአውቶቡስ ሹፌር ሱሪዋን እንደለበሰች ምድጃው ላይ ቆማ ታማስላለች። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራለች። ጠረጴዛው ላይ ስድስት የተሞሉ ብርጭቆ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«መጣህ አባቴ? እጅህን ታጠብ።»

አልታጠበም። ኮሪደሩ ውስጥ ከኮቶች ሥር አንድ የላስቲክ ከረጢት አየ። ውስጡ የብረት ኩባያ፣ ሳህን፣ ማንኪያና ትንሽ የሳጥን ቁልፍ አለ። ኩባያውን ገለበጠው። ሥሩ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ስሙ ተጽፏል። እናቱ ጥፍሯን ቀብታ አታውቅም።

ኩባያውን አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠው።

«ማሚ፣ ናና ልደቱ ላይ ሰው ሁሉ የራሱን ኩባያ ይዞ ይምጣ ብሏል እንዴ?»

ኤሲ ምድጃውን አጠፋች። ሻሹን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ለስንት ጊዜ ነው?» አለ ኮቢና።

«ሦስት ዓመት።»

«ሦስት ሳምንት ነበር ያልሽኝ።»

«እውነቱን ብነግርህ አውሮፕላኑ ላይ አትወጣም ብዬ ፈራሁ።»

«እና ልትፎግሪኝ ነበር? ልክ እንደ ኤቦ?»

ኤቦ ታችኛው ፎቅ ላይ ይኖር የነበረ ልጅ ነው። ለዕረፍት ብለው ወሰዱት፤ እናቱ ብቻዋን ተመለሰች፣ የልጁን ፓስፖርት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ። ኮቢናና ጓደኛው ጄይደን በዚያ ስንት ቀን ስቀዋል። አሁን ምኑ እንዳሳቃቸው ሊገባው አልቻለም።

«ያ ቢላ ቦርሳህ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ምን ላድርግ?» አለች ኤሲ ቀስ ብላ። «ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት አባረሩህ። ለሰው ነው የያዝኩት አልክ። ለማን ስልህ ዝም።»

ኮቢና ዐይኑን ወደ ጠርሙሶቹ መለሰ። ቢላው የጄይደን ነበር።

«ግንቦት ላይ ወገቤን አመመኝ ብዬ ሥራ የቀረሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ወገቤ አልነበረም። አንድ ልጅ አውቶቡሴ ላይ ወጣ። ካርድ የለኝም፣ ሁለት ፌርማታ ብቻ ነው የምሄደው አለኝ። ግባ አልኩት። ከዚያ ጃኬቱን ሳይ ደም ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ እጁን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ተርፏል። ግን እዚያ ተኝቶ ምን ብሎ እንደለመነኝ ታውቃለህ? ለእናቴ እንዳትነግሪያት።»

በሰኔ ወር ኮቢናም ርዕሰ መምህሯን የለመናቸው ያንኑ ነበር።

«ሺቶው እዚያ አይገኝም እንዴ?» አለ በመጨረሻ። «ባትሠሪው ኖሮ አልነቃም ነበር እኮ።»

«አራባም ከዚያው ትገዣለሽ ብላኝ ነበር። የእናቱን ሺቶ ሳይዝ የሚገባ ልጅ ግን ሰው እንደሌለው ነው የሚታየው። አንተን እንደዚያ አላስገባህም።»

ተናዶ ነበር፤ ሳቁም መጣበት። ስንት ሳምንት የደበቀችውን ነገር ራሷ በድስት አውጥታ ለፎቁ ሁሉ አስሸተተችው። በጣም እንደምትወደው ያን ጊዜ ገባው፤ ንዴቱ ግን አልለቀቀውም።

ኤሲ ከሸሚዟ ኪስ ፓስፖርቱን አውጥታ እጁ ላይ አኖረችው።

«አራባ አትስጪው ብላኛለች። ግን አታልዬህ ጥዬህ ብመጣ ሁለተኛ አታምነኝም። ያዘው። አልሄድም ካልክ አልጎትትህም።» ዐይኗን በክንዷ ጠረገች። «ጠርሙስ አልቆብኛል፤ ሚስ ዶሪን ጋ ባዶ ካለ ልጠይቅ።»

እሷ በወረደች በአምስት ደቂቃ በሩ ተንኳኳ። ጄይደን ነው። ኮፍያውን ግንባሩ ድረስ ጎትቷል፤ ትንሽ ጥቁር ቦርሳ ደረቱ ላይ አቅፏል። ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ በአንድ ብስክሌት እየተፈራረቁ ነው ያደጉት።

«ጀለስ፣ ይቺን እስከ ነገ ያዝልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«አቦ አትጠይቅ። የእናትህን ቤት ማንም አይጠረጥርም።»

ኮቢና ቦርሳውን ሳይሆን የጄይደንን ጣቶች አየ። ጥፍሮቹ እስከ ሥጋው ተበልተዋል።

«አልችልም። ልሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«ጋና። አዳሪ ትምህርት ቤት።» ማምለጫ ብሎ የተናገረው ነበር። ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ውሸት አልመሰለውም።

ጄይደን ሳቀ። «እንደ ኤቦ ተፎገርክ በላ።»

«አልተፎገርኩም። ይኸው፣ ፓስፖርቴ እኔ ጋ ነው።»

ጄይደን ፓስፖርቱን አየው። ሳቁ ጠፋ።

«እና ማንም ሳያስገድድህ ትሄዳለህ?»

ኮቢና ትከሻውን ነቀነቀ። ጄይደንን ጥሎ መሄዱ ከሁሉ በላይ ከበደው። ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ።

«ከሩዝ ጋር ብላው። ያቃጥላል።»

«ይሄ ነው እንዴ ከመንገድ ጀምሮ የሚሸተው?»

«ጄይደን፣ ያንን ነገር ለባለቤቱ መልስለት።»

«አቦ ተወኝ» አለ ጄይደን፤ አነጋገሩ ግን የቁጣ አልነበረም። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ትኩሱን ጠርሙስ በሁለት እጁ ይዞ ወረደ። ኮቢና የእግሩ ድምፅ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆመ።

ኤሲ ሦስት ባዶ ጠርሙስ ይዛ ስትመለስ ልጇን ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ አገኘችው። የተሞሉት ጠርሙሶች አምስት ናቸው።

«አንዱስ?»

«ለጄይደን ሰጠሁት። ቢላው የሱ ነበር፣ ማሚ።»

ኤሲ ባዶዎቹን ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኮቢና ሳህኑን ገልብጦ፣ የጥፍር ቀለሙን ከፍቶ ሥሩ ላይ እየጻፈ ነበር። ስሙን ጨረሰና እፍ አለበት። ፓስፖርቱ ከሱሪው ኪስ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ኤሲ አየችው፣ መልስልኝ ግን አላለችውም።

«እዚያ ስትማሪ ጓደኞችሽ ያንቺን ሺቶ ይጨርሱብሽ ነበር አላልሽም?» አለ ማንኪያውን እያነሳ።

«በሁለት ሳምንት ነበር የሚጨርሱብኝ።»

«እንግዲያው አምስት ምን ይሆናል? ስምንት አድርጊው።»

ኤሲ ሻሿን አፏ ላይ መልሳ አሰረችና ምድጃውን ለኮሰች።