ከጠረጴዛው የተነሳው ኢንሱሊን

ፋርማሲስቷ የመጋዘኑ ወለል ላይ በደረቷ ተደፍታለች። የእሳት ማጥፊያው ብረት ከኋላዋ ሦስት ጊዜ አርፎ የራስ ቅሏን ሰብሮታል፤ ደሙ ጠረጴዛውን አልፎ ግድግዳው ላይ ተረጭቷል። ገዳዩ አሻራውን ጠርጎ ሄዷል። የጨበጠችውን ቁራጭ ወረቀት ግን አላየም።

መርማሪዋ የሟቿን ጣቶች አንድ በአንድ አላቅቃ ወረቀቱን አወጣች። የመድኃኒት ጊዜ ማብቂያ ቀን የታተመበት ሲሆን ጀርባው ሙጫ አለው። ቀና ስትል ደም በተረጨው ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ካርቶን የሚያክል ንጹሕ ቦታ አየች። በቅዝቃዜ የሚቀመጡ መድኃኒቶች ያሉበትን ፍሪጅ ከፈተች። ሁለት የኢንሱሊን ካርቶኖች ነበሩ፤ ከኋላ ያለውን ደም ነክቶታል።

ግድያው የተፈጸመው በምሳ ሰዓት ሱቁ ተቆልፎ ሳለ ነው፤ ቁልፍ የነበራቸው ባሏ፣ መድኃኒት አከፋፋዩና ረዳቷ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ባልየውን ጠራች።

«ትጣሉ ነበር አሉ።»

«እንጣላለን እንጂ! አቅም ያጣ ሁሉ ሲመጣ ‹ፈዋሹ ያው ነው፣ ያማረው ካርቶኑ ነው› እያለች ርካሹን ትሰጣለች። ግን የልጆቼን እናት እገድላለሁ?»

«ፍሪጁን ትነካለህ?»

«አንዴ ውኃ ብከትበት ሰማይ ምድሩን ደባለቀችው። ዳግመኛ አልደረስኩበትም።»

አከፋፋዩ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ ካርቶን አራጋፊ ነኝ፤ ውስጡ ክኒን ይሁን ከረሜላ ምን አውቄ!»

ረዳቷ ድራጊስት አለቀሰ። «እንደ ታናሽ ወንድሟ ነበር የምታየኝ። ምሳ እየበላሁ ነው የሰማሁት።»

መርማሪዋ የሱቁን ቁም ሣጥኖች አስፈተሸች፤ ከዚያ ሦስቱንም ባንኮኒው ፊት አቆመቻቸው።

«ስትመታ ይህ ኢንሱሊን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የተቀመጠበትን ቦታ ደም አልነካውም። የሞተ ሰው ዕቃ አይመልስም። ፍሪጅ የከተተው ገዳዩ ነው።»

«ማንም ሊከተው ይችላል» አለ ድራጊስቱ።

«ሌላው ሰው ያገኘበት ይወረውረዋል። ይህ ግን ጊዜው ቀድሞ ከሚያልቀው ካርቶን ኋላ በተራው ተቀምጧል። ገዳዩ እጁ በደም እንደራሰ ቀን አነበበ። ልማድ ክፉ ነው፤ ያንተ እጅ ሙያውን አልረሳም። እጇ ውስጥ የተገኘው ዓይነት፣ አሮጌ ቀን ላይ የምትለጥፈው የሐሰት ቀን ወረቀትም ጥቅሉ ከሣጥንህ ወጥቷል። ጊዜው ያለፈበት ክኒን ስትሸጥ ደረሰችብህ።»

ባልየው ዘሎ አንገቱን አነቀው። የድራጊስቱ ጭንቅላት የባንኮኒውን መስታወት ሰብሮ ገባ። ሁለት ፖሊሶች ታግለው አላቀቋቸው።

«ደሃው በርካሽ ይግዛ ብዬ ነው!» አለ ድራጊስቱ ደም እየተፋ።

«እሷም በርካሽ ነበር የምትሸጠው፤ ግን የሚያድነውን።» መርማሪዋ ደብተሯን ገለጠች። «አሁን ንገረኝ፤ ለእነማን ሸጥክ?»

ድራጊስቱ መቁጠር ጀመረ።

«ለታክሲ ሾፌሩ፣ የደም ግፊት... ለጡረተኛው መምህር፣ የልብ... የሚጥል በሽታ ላለባት ልጅ፣ እናቷ ትናንት ነው የወሰደችላት...»

መርማሪዋ የጻፈችበትን የመጀመሪያ ገጽ ቀድዳ ለፖሊሱ ሰጠችው። «ሩጥ! ከልጅቷ ጀምር!»

ድራጊስቱ ግን ገና መቁጠሩን አልጨረሰም ነበር።