የኪሽቫር ቀይ ጣራዎች

በ፲፱፻፴፮ ዓመተ ምሕረት የሐምሌ ፀሐይ የፎጃን ሜዳ ገና በማለዳው መጥበስ ጀምራ ነበር፤ ስንዴው ታጭዶ ገለባው ብቻ በቀረበት በዚያ የኢጣልያ ምድር ላይ የአሜሪካ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ክንፍ ለክንፍ ተሰልፈው ቦምብ ይጫንባቸው ነበር። አዛዡ በድንኳኑ ውስጥ የካርታውን መጋረጃ ሲገልጠው፣ ቀዩ ክር ከፎጃ ተነሥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ሃንጋሪ ውስጥ ኪሽቫር ከምትባል ከተማ ላይ ቆመ።

«የባቡር ግቢው ነው» አለ አዛዡ፤ «የጀርመን ታንክ ወደ ምሥራቅ የሚሻገረው በዚያ ነው።»

ሁሉም ካርታውን ሲያይ «ግትሯ በቅሎ» የተባለችው አውሮፕላን የበረራ መካኒክ ሃምሳ አለቃ ኦርቪል ስትራውድ ግን የመቶ አለቃ ኢመሪ ሳባዶሽን ፊት አየ። ሳባዶሽ የዚያችው አውሮፕላን ቦምብ ጣይ ነበር፤ ኦሃዮ ተወልዶ ቢያድግም ዘሩ ከሃንጋሪ ነው፤ ታላቅ እህቱ ዮላንም የባቡር ሠራተኛ አግብታ እዚያው ኪሽቫር ቀርታለች። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ለዘሩ አገር ይሳሳል የሚለው ጥርጣሬ ግን የዚያን ቀን አልተወለደም። ባለፈው የሃንጋሪ ዘመቻ የ«ግትሯ በቅሎ» ቦምቦች ዘግይተው ከበቆሎ እርሻ ላይ ወድቀው ነበር፤ ሳባዶሽ የመልቀቂያው ቁልፍ በውርጭ ተያዘብኝ ቢልም ያመነው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ቢስቅም ነገር፣ ዝም ቢልም ነገር፣ ቁርሱን ቢተውም ነገር ሆነበት።

አብራሪው ሻምበል ፔንሮዝ ስትራውድን ከክንፉ ጥላ ሥር ጠራው።

«ሰውየውን አየኸው?»

«አየሁት፣ ጌታዬ።»

«ጠርጥር! ገንፎም ውስጥ ስንጥር አይጠፋም። የቦምቦቹን ማገጃ ሲነቅል አብረኸው ግባ። ማገጃው ካልተነቀለ ቦምቡ ድንጋይ ነው፤ ወድቆም አይፈነዳም። እስክንጥል ድረስ እዚያው ቁም፤ ዓይንህን ከሥራው እንዳትነቅል።»

«እንደ ትእዛዝዎ።»

ስትራውድን ነገሩ ከበደው፤ ሳባዶሽ የካርታ ጨዋታ ጓደኛው፣ የድንኳን ጎረቤቱ ነውና። ቢሆንም እሱም ራሱ ይጠረጥረው ነበር፤ ለዚህም ነው እምቢ ያላለው።

ባሕሩን ሲሻገሩ የጅራቱ ተኳሽ ዱዌይን በመነጋገሪያው ጮኸ፦ «መቶ አለቃ! እህትህ ምሳ ሠርታ ትጠብቀን ይሆን?»

«አንተን ካየች የምትለቅብህ ውሻዋን ነው» አለ ሳባዶሽ። ሁሉም ሳቁ፤ ስትራውድ ግን የሰውየው ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ሰማ፤ ወይም የሰማ መሰለው።

ማገጃዎቹን ለመንቀል ሁለቱ በቦምቦቹ መካከል ባለችው ጠባብ መረማመጃ ላይ ተከታትለው ገቡ። በዚያች አውሮፕላን ልማድ ቦምብ ጣዩ ቀይ ወረቀት የተንጠለጠለባቸውን ማገጃዎች ነቅሎ ለባልደረቦቹ ለገድ ያድላቸዋል። ሳባዶሽ አንዱን ነቀለና ዞር አለ።

«እጅህን ዘርጋ» አለው።

«ለምን?»

«ሻምበሉ ለምን እንደላከህ አጣሁት? አንተው ያዛቸው፤ በኋላ አሳየው።»

ስትራውድ በኀፍረት ተቃጠለ፤ እጁን ግን ዘረጋ። ሳባዶሽ እያንዳንዱን እየነቀለ በመዳፉ ላይ አኖረለትና ወደ ማነጣጠሪያው፣ ወደ አውሮፕላኗ አፍንጫ ሄደ። አንዱም አልቀረም፤ ስትራውድ ግን «ሌላ ብልሃት ይኖረው ይሆን?» ማለቱን አልተወም።

ቀትር ላይ ኪሽቫር ደረሱ። ጀርመኖች ግቢውን ለመሸፈን ጭስ አጭሰው ነበር፤ ነፋሱ ግን ጭሱን ወደ ምዕራብ ገፍቶታል። በዚያ ጦር ደንብ ሁሉም ለየራሱ አያነጣጥርም፤ የመሪዋ አውሮፕላን ቦምብ ሲወርድ ሁሉም ይለቃል። መሪዋም ወደ ጭሱ እምብርት ታመራ ነበር።

«ሻምበል! መሪው ስቷል!» የሳባዶሽ ድምፅ ነበር። «መንታ የደወል ማማ ያለው ቤተ ክርስቲያን ይታየኛል፤ ግቢው ከእሱ በስተምሥራቅ ነው። ከጭሱ ሥር ያለው የሰው ቤት ነው!»

«ይህን እንደምትል አውቅ ነበር» አለ ፔንሮዝ። «ስትራውድ! አንተስ ምን ታያለህ?»

የአውሮፕላኗ ሆድ ተከፍቷል፤ የመድፉ ጥይት ዙሪያዋን ይፈነዳል። ስትራውድ ወደ ታች ሲመለከት ጭሱ ለአፍታ ተሰነጠቀ፤ ተጠጋግተው የቆሙ ቀይ ጣራዎች አየ፤ ሐዲድ አላየም። ግን መጋዘንስ ቢሆኑ? ያ ሰው አታልሎት ቢሆንስ፣ ነገ አብሮ ከሐዲ መባልን ይችለዋል? ፈራና መነጋገሪያውን ከፍቶ መለሰ።

«ጭስ ነው የሚታየኝ፣ ጌታዬ።»

«ሰማህ፣ ሳባዶሽ? ከመሪው ጋር ጣል! ወይስ የምንጠረጥርህ እውነት ነው?»

የመሪዋ ቦምቦች ወረዱ፤ ሳባዶሽም የመልቀቂያውን ቁልፍ ተጫነ፤ «ግትሯ በቅሎ»ም ሸክሟ ሲራገፍ ወደ ላይ ዘለለች።

ፎጃ እንዳረፉ ፔንሮዝ በሁሉም ፊት የሳባዶሽን እጅ ጨበጠ። «ይቅር በለኝ» አለው፤ «ዛሬ አምኜሃለሁ።»

«ዛሬ?» አለ ሳባዶሽ። «የእህቴ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው።»

ዱዌይን ለገድ የሚደርሰውን ማገጃ ሊቀበል እየሳቀ ሲመጣ ይህን ሰማና የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ማገጃዎቹ በስትራውድ ኪስ ቀሩ፤ ጠይቆ የወሰደም የለም።

ሰላም ከወረደ በኋላ ዮላን ከነልጆቿ በዚያ ቀትር እንደሞተች ለሳባዶሽ ተነገረው። የዘመኑ ወሬ ግን የኪሽቫር ባቡር ግቢ ተመታ ብሎ አለፈ፤ ባቡሮቹ በዚያው ቀን ሲመላለሱ እንዳመሹ የሚያውቁት የከተማው ሰዎች ነበሩ። ሻምበሉ ኒሻን ተቀበለ፤ የሳባዶሽም ታማኝነት በጦሩ ፊት ተመሰገነ፤ እሱም ምስጋናውን ቆሞ ሰማ። ስትራውድን ዳግመኛ «ምን ታያለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም፤ «ቀይ ጣራ» የሚለው ቃልም እስኪያረጅ ድረስ ጉሮሮው ላይ ቀረ።