ያልተቆጠረው ጅረት

ዓሣ አስጋሪዎቹ «ቆጣሪው» ይሉት ነበር። ሥራው በወንዙ ተፋሰስ ውስጥ ዘጠኝ ቦታ መረብ እየጣለ፣ የተያዘውን ዓሣ በየዝርያው ቆጥሮ መልሶ መልቀቅ ነው፤ አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት።

«ልትለቃቸው ነው እንዲህ ውሃ ውስጥ የምትንቦጫረቀው?» የሚል የሴት ድምፅ መጀመሪያ የሰማው በበጋው ቆጠራ፣ ታችኛው ወንዝ ዳር ነበር። የአንድ አስጋሪ ልጅ ናት፤ የተቀደደ መረብ ትጠግናለች።

«ማን የት እንደሚኖር ለማወቅ ነው» አላት።

«እኔን አትጠይቀኝም? ጎረቤቶቼ ናቸው እኮ!»

ጠየቃት። ትንንሾቹ ዓሦች ከላይኛው ቀዝቃዛ ጅረት ንቅንቅ አይሉም አለችው። ትልልቆቹ ባለጢም ዓሦች ግን በጋውን እታች ጥልቁ ውሃ ውስጥ ከርመው፣ ክረምት ሲገባ እንቁላል ሊጥሉ ሽቅብ ይወጣሉ።

«አባዬ ነው እንዲህ የሚለው። የላከህ ቢሮ ግን የአባዬን አፍ አያምንም፤ ወረቀት ነው የሚያምነው።»

«እንግዲያው ክረምት ላይ በወረቀት አደርግልሻለሁ» አላት። የምሩን ነበር።

ክረምት መጣ። ስምንቱን ቦታ ቆጥሮ ጨረሰ፤ ላይኛው ጅረት ብቻ ቀረ። ወደዚያ ሊወጣ በተነሳበት ጠዋት፣ ደህና ዋይ ሊላት ወደ መረብ ማስቀመጫው ጎጆ ጎራ አለ። ዝናቡ ወረደ። «ትንሽ ያባራልህ» አለችው። ክሩን ያዘላት፤ እሷ ጠቀለለች። ወሬያቸው አለቀ፤ ክሩም አለቀ፣ እጆቻቸው ግን አልተላቀቁም። ቀና ሲሉ ቀኑ መሽቷል።

በማግስቱ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት፣ መኪናውም ወደ ከተማ ሊመለስ ነበር። «ከዘጠኝ አንዱ ቢጎድል ምን አለ?» አለ ለራሱ። የበጋውን ቁጥር ገልብጦ በክረምቱ ቅጽ ላይ ሞላ፦ ትንንሽ ዓሦች፣ አርባ ሁለት። ባለጢም፣ የለም።

በዚያ ወረቀት ተማምኖ ቢሮው ላይኛው ጅረት ላይ የውሃ መጥለፊያ ግንብ ሠራ። ባለጢሞች ወደዚያ አይወጡም ተብሏልና፣ የዓሣ መተላለፊያ አልተተወለትም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ቆጣሪውና ልጅቷ ሊጋቡ ሦስት ወር ሲቀራቸው፣ አባቷ ምሳ ጠሩት። ገበታው ላይ የነበረው አንድ ዓሣ ብቻ ነው፤ እሱንም ወደ እንግዳው ገፉት።

«ብላ ልጄ። እኔማ እጄ ዛለ መሰለኝ፤ መረቤ ቅጠል ብቻ ይዞ ይመጣል።»

አንዴ ጎርሶ ማኘኩን አቆመ።

«አጥንት ነው?» አሉት ደንግጠው።

«አዎ፣ አባባ» አለ። ይሄ ሁለተኛው ውሸት ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም።

ጠዋት መረብ ስትጠግን አገኛትና ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ያን ክረምት ላይኛውን ጅረት አልቆጠርኩትም። የበጋውን ገልብጬ ነው የጻፍኩት።»

መርፌዋ ቆመ።

«መሄድ የነበረብህ መቼ ነበር?»

መልሱን ሊውጠው ፈለገ። «እዚህ የዋልን ዕለት።»

መረቡን ከጭኗ አወረደች። ከዚያ በቀስታ፣ «ከቀኖቼ ሁሉ እሱን ነበር የምወደው» አለች። «እሱንም አበላሸህብኝ።»

«በአንቺ ማመካኘቴ አይደለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አባዬ እኮ ራሱን ነው የሚወቅሰው! ‹መረብ መጣል ረሳሁ› እያለ!» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ሄደህ ራስህ ንገረው። እኔ መሃል አልገባም። የሠርጉንም ነገር እንዳታነሳብኝ።»

አባቷ እስከ መጨረሻው ሰሙት። እጆቻቸውን ዘርግተው ገልበጥ፣ ገልበጥ አድርገው አዩዋቸው።

«እጄ አልነበረማ» አሉ። ፈገግ ሊሉ ከጀላቸውና ተዉት። «ልጄ፣ ከቤቴ ውጣ አልልህም። ዛሬ ግን ፊትህን ማየት አልችልም።»

ለቢሮውም በገዛ እጁ ጽፎ አስገባ። ከሥራ ተሰናበተ። ኃላፊዋ ደብዳቤውን አጣጥፋ፣ «መተላለፊያ የምንከፍተው ባለጢሞቹ ግንቡ ሥር መድረሳቸው ተቆጥሮ ሲመጣ ነው» አለችው። «የአንተን ቁጥር ደግሞ ያለ ምስክር ፊርማ አልቀበልም። አትቀየመኝ።»

«ምን አፍ አለኝና» አለ።

ክረምቱ ሲገባ ብቻውን ወደ ግንቡ ወጣ። ባለጢሞቹ መጥተዋል። ድፍርሱ ውሃ ውስጥ ሽቅብ እየዘለሉ ከድንጋዩ ይላተማሉ፤ ከንፈራቸው ተልጧል። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲያያቸው፣ እያንዳንዱ ምት የራሱ ደረት ላይ ያረፈ ያህል ተሰማው። ሁለት ቀን ቆጠረ፤ የሚፈርምለት ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከኋላው ጠጠር ተንኮሻኮሸ። እሷ ናት፤ በጣም የሰፋት የላስቲክ ቦት ጫማ ተጫምታ።

«ምስክር አጣ ሲሉ ሰማሁ።»

«አባባ መምጣትሽን ያውቃሉ?»

«ይሄ ጫማ የማን ይመስልሃል?»

ቅጹንና እስክሪብቶውን ከድንጋዩ ላይ አነሳች። ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

«አንተ ቁጠር። የምጽፈው እኔ ነኝ። ባዶ ከሆነም ባዶ ብዬ ነው የምጽፈው።»

መረቡን ሳበ።

«ባለጢም፣ አንድ።»

«አንድ» ብላ ጻፈች።

ቀና ብሎ አያት። ይቅር ያለ ፊት አልነበረም፤ ሊሄድ የተነሳ ፊትም አልነበረም።

«እኔ ላይ አትፍጠጥ» አለችው። «ገና ብዙ ይቀርሃል።»