የታሮስ ወይራ አክሊል

በኤልማራ መንግሥት የውድድሩ በዓል ሊገባ ሲል ቅዱሱ ወይራ በአንድ ጀምበር ደረቀ። ቅጠሉ ረግፎ የቤተ መቅደሱን ደጅ ሸፈነው። ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ዛፍ የሚጎነጎነው አክሊል የአሸናፊዎች ሽልማት ብቻ አልነበረም፤ ለዘመናት ሲዋጉ የኖሩት ኤልማራና ዶርጋን የታረቁት በእርሱ ምለው ነው። በበዓሉ አክሊል ያልተሸለመ ዕለት መሐላው ይፈርሳል፤ ሰይፍም ከሰገባው ይወጣል።

አክሊል ጎንጓኙ አዛውንት ሶፎን በንጉሡ ፊት ቆሙ። «ንጉሥ ሆይ፣ የዚህ ዛፍ እናት በታሮስ ተራራ ላይ ናት። ከእርሷ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በደረቀው ግንድ ላይ ተሰክቶ ቢዳቀል ዛፉ ነፍስ ይዘራል። ነገር ግን በተቆረጠበት ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለበት። እናቲቱንም ዛፍ ኡርጋ የምትባል ዘንዶ ትጠብቃታለች» አሉ።

የኤልማራ ፈጣን ሯጭ ናሪት ከሕዝቡ መካከል ወጣች። «ቅርንጫፉን እኔ አደርሳለሁ» አለች።

ለትግል ውድድር የመጣው የዶርጋኑ ጎልማሳ ቀርሞን ተከትሏት ወጣ። «ዘንዶዋን የሚይዝ ሰው ያስፈልግሻል» አላት።

ሁለቱም እጃቸውን በደረቀው ግንድ ላይ አኑረው ማሉ፤ «ይህን ሳንፈጽም ብንቀር የአገራችን አፈር አይቀበለን።»

በመንገድ ላይ ቀርሞን ስለ እናቱና ስለ ታናሽ ወንድሙ አጫወታት። አባቱን የገደሉት የኤልማራ ወታደሮች እንደሆኑም ነገራት። ናሪት ውኃዋን አካፈለችው።

ተራራው ጫፍ ሲደርሱ ኡርጋ በእናቲቱ ወይራ ግንድ ተጠምጥማ ተኝታ ነበር። ናሪት ቅርንጫፉን በቆረጠች ጊዜ ዘንዶዋ ነቃች። ቀርሞን ዘሎ አንገቷን በሁለት ክንዱ አነቀ። ቅርፊቷ ደረቱን ቢተለትለውም አልለቀቀም።

«ሂጂ!» አላት።

ናሪት ቁልቁለቱን ተወረወረች። ገደሉን አልፋ ወንዙን ስትሻገር ከኋላዋ ቀርሞን ስሟን ሲጠራ ሰማች። ፀሐይዋን አየች፤ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። እያለቀሰች ሮጠች። ቀርሞን ዳግመኛ አልተጣራም።

ጀምበር ሳትጠልቅ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ተዳቀለ፤ ሲነጋ ዛፉ በቅጠል ተሸፍኖ ተገኘ። በዓሉ ተከበረ። ናሪት ሮጣ አሸነፈች፤ ንጉሡም በሕዝቡ እልልታ መካከል አክሊሉን ደፉላት። እርሷ ግን አውልቃ በእጇ ይዛ ከዶርጋን ሰዎች ሰፈር ገባች፤ በቀርሞን እናት በሔልዳና ፊትም ተንበረከከች።

«እናቴ፣ ይህ የልጅዎ ነው።»

ሔልዳና አክሊሉን ተቀበሏት። «ሲሞት ምን አለ?»

«ስሜን ጠራ።»

«እንድትረጅው ነው ወይስ ሊሰናበትሽ?»

«አላውቅም። አልዞርኩም።»

ሔልዳና ቅጠሎቹን ዳሰሱ። «ብትዞሪ ኖሮ ታናሹም ልጄ ዛሬ ይዘምት ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ አመሰግንሻለሁም። ነገር ግን ልጄ፣ ከእንግዲህ ወደ እኔ አትምጪ። ባየሁሽ ቁጥር ሲጣራ እሰማዋለሁ።»

አክሊሉን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በታናሹ ልጃቸው ተደግፈው የዶርጋንን መንገድ ያዙ። ናሪት አቧራው እስኪረጋ ከመንገዱ ዳር ቆመች። ከዚያ በዓል በኋላ ስትሮጥ ያያት ሰው የለም።