በሺርቾይ የተዋጠ ኪኒን

«ጥርግ አድርጊው» አለች እናቷ። «ጠብታ እንዳይቀር።»

ዛይቱና ጎድጓዳውን ሳህን አንስታ የቀረውን ጨለጠችው። ሺርቾይ ነው፤ ከወተትና ከጨው ጋር የፈላ ሻይ፣ ላዩ ላይ ቅቤ የሚንሳፈፍበት፣ ዳቦ የሚፈረፈርበት። እነሱ በሚኖሩበት የተራራ ሸለቆ ቀኑን ያለ ሺርቾይ የሚጀምር ሰው የለም። የዛይቱና ሳህን ውስጥ ግን አንድ ነገር ይጨመራል። እናቷ ሳይራሞ በየማለዳው ኪኒኑን በሁለት ማንኪያ መካከል ታደቅቅና ዱቄቱን ሻዩ ላይ ትነሰንሳለች። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ከልጇ ፊት ንቅንቅ አትልም።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዛይቱና አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ፊቷ ያብጥ፣ ፀጉሯ ይረግፍ፣ በበጋ ፀሐይ እንኳ ይበርዳት ጀመር። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳታል። የወረዳው ሆስፒታል ሐኪም ዶክተር ሉትፊያ ደሟን አስመረመረችና፣ አንገቷ ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ሰንፏል፣ የጎደለውን በኪኒን እንሞላዋለን አለች። በባለ ሃምሳ ማይክሮግራሙ ጀመሩ። ዛይቱና በየጠዋቱ ከሺርቾይዋ ጋር ትውጠዋለች። ከስድስት ሳምንት በኋላ የደሙ ውጤት ያው ነው። ወደ ሰባ አምስት ከፍ አለ፤ ያው። መቶ ሆነ፤ አሁንም ያው።

የዚያን ቀን ዶክተሯ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወደ ሳይራሞ ዞረች። «ልጅሽ ኪኒኑን እየደበቀች ነው» አለቻት። «በዓይንሽ እያየሽ ካልዋጠች እንዳታምኛት።» ሳይራሞ የሐኪም ቃል መሬት ጠብ አይልም ብላ የምታምን ሴት ናት። ሁለቱ ማንኪያዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ እንዲስማማት ብላም ከራሷ ሳህን ቅቤ እየቀነሰች የልጇ ላይ ትጨምር ነበር። መጠኑ መቶ ሃያ አምስት ደረሰ። ዛይቱና ግን አሁንም ታንቀላፋለች።

ትምህርት ቤት ስሟን የሚጠራው ጠፍቷል። «ድቢት» ነው የሚሏት፣ ክረምቱን ተኝታ የምታሳልፈው ድብ። አስተማሪ ሲጠይቃት መልሱን ታውቀዋለች፤ ችግሩ ከጭንቅላቷ ተነስቶ አፏ እስኪደርስ ነው። እሷ ቃሉን ስትፈልግ፣ ሻምቤ የሚባለው መላሰኛ ልጅ ግንባሩን ዴስኩ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። የሒሳቡ አስተማሪም አብሮ ይስቃል፣ ሼም የለው!

ዘጠነኛ ክፍል ልታጠናቅቅ ወራት ቀርተዋታል። ሆሮግ ከተማ ውስጥ ሊሴ የሚባል አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ፈተናውን ያለፈ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ እዚያ ይቀጥላል። ዛይቱና በዚህ ዓለም የምትፈልገው እሱን ብቻ ነበር። እናቷ ደግሞ ሊሴው ካልተቀበላት ትምህርቱ ይብቃ ብላ ቆርጣለች። «ለምትተኛ ልጅ ዴስክ ምን ያደርግላታል» አለቻት አንድ ቀን ሳህን እያጠበች። «መተኛውስ ቤትም አለ።»

ሚያዝያ ላይ ዛይቱና መድኃኒት ልትገዛ ብቻዋን ሆሮግ ወረደች። ፋርማሲ ያሉት ሽማግሌ ካርቶኑን እያቀበሏት፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብላ እንደምትውጠው ጠየቋት። ዛይቱና አፍጥጣ አየቻቸው።

«ከሺርቾይ ጋር ከሆነስ?»

«ከወተት ጋርማ አብዛኛው ደም ውስጥ ሳይገባ ነው የሚወጣው» አሉና ቀጣዩን ሰው ጠሩ። «ሐኪሟ አልነገረችሽም?»

ማንም አልነገራትም። ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ያለፉትን ሁለት ዓመታት መላልሳ ቆጠረች። ለእናቷ ግን የሰማችውን አልተናገረችም፤ ሳይራሞ ከፋርማሲ ሰውዬና ከዶክተሯ ማንን እንደምታምን ታውቃለች። ከእንግዲህ ኪኒኔን ራሴ ነው የምውጠው፣ ካላመንሽኝ እየቆጠርሽ አስረክቢኝ ብላ ድርቅ አለች። ሳይራሞ ከሦስት ቀን ጭቅጭቅ በኋላ እሺ አለች። ዛይቱና ጎህ ሲቀድ፣ እናቷ ላም ልታልብ ስትወጣ፣ አንዷን ኪኒን በአንድ ኩባያ ውሃ ትውጥ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ነቃች። በአምስተኛው በራች። አስተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ትናገራለች። ሻምቤ ሊያንኮራፋ ሲያጎነብስ «ተኛ ተኛ፣ ስትነቃም ያው ነህ» አለችው፤ ክፍሉ በእሱ ሳቀ። እንዴት ደስ አላት! ትንሽ ቆይቶ ግን ልቧ ያለ ምክንያት ይደልቅ፣ እጇ እስክሪብቶ ስትይዝ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንቅልፍ ጠፋ። ትንሿ ነገር ታናድዳታለች። ይህ ሁሉ መድኃኒቱ እንደበዛ ይነግራት ነበር፤ እሷ ግን ከፈተናው በፊት ተመልሳ ከምትደነዝዝ ልቧ ቢፈነዳ ትመርጣለች።

አንድ እሑድ ጠዋት አክስቷና ሁለት ጎረቤቶች ቁርስ ላይ ነበሩ። ሴቶቹ የዛይቱና ፊት መጥራቱን፣ ወገቧ መውጣቱን አነሱ። ሳይራሞ ደስ ብሏት ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ሺርቾይዬ ነው» አለች። «ሁለት ዓመት በእጄ አጠጣኋት፣ ይኸው ሠራ።»

«ያደነዘዘኝ እኮ እሱ ነው!» አለች ዛይቱና። ድምፅዋ ለራሷም ጮኸባት። «ወተቱ መድኃኒቱን ይገድለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጅሽ ስታደነዝዢኝ ኖርሽ። ላም ከማለብ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?»

ሳይራሞ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ በረቱ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጇ ጋር የምታወራው «በሩን ዝጊ»፣ «ውሃ ቅጂ» ብቻ ሆነ። ዛይቱና ቃሏን ልትመልሰው ፈልጋ ነበር። አልሆነላትም፤ እውነት ስለሆነ እንዴት እንደምትመልሰው ጨነቃት።

ሊሴው ለፈተና ለመመዝገብ ሐኪም የፈረመበት የጤና ወረቀት ይጠይቃል። ምዝገባው ቅዳሜ ያበቃል። ሐሙስ ዕለት እናትና ልጅ ዶክተር ሉትፊያ ዘንድ ገቡ። በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ የመንደራቸው ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ዶክተሯ የደሙን ውጤት አየች፣ የዛይቱናን እጅ ይዛ የልብ ምቷን ቆጠረች፣ መቶ ሃያ።

«አየሽ? ስትውጪው እንዲህ ይሠራል። እንዲያውም አሁን በዝቶብሻል» አለች። «ሁለት ዓመት ስትደብቂው ኖረሽ እኔን ታለፊኛለሽ። አዳሪ ቤት እናት የለችም። ለምትዋሽ ልጅ አልፈርምም።»

ዛይቱና ወደ እናቷ ዞረች። ሳይራሞ መሬት መሬት ታያለች። አንድ ቃል ብትናገር ልጇን ታድናት ነበር፤ አልተናገረችም።

«አልደበቅኩም» አለች ዛይቱና በመጨረሻ። «በሺርቾይ ነበር የምወስደው። እናቴ እያደቀቀች።»

ዶክተሯ ብድግ አለች። «በወተት?» አለች ሳይራሞን ከላይ እስከ ታች እያየች። «ልጅሽን በገዛ እጅሽ አደንዝዘሻት ነው እንዴ እዚህ የምታመላልሻት? ላም ማለብ ብቻ ነው የምታውቂው?»

ኮሪደሩ ላይ አንዷ ሳቀች። ዛይቱና ፊቷ ተቃጠለ። የራሷው ቃል ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንዲህ ያስጠላል ብላ አላሰበችም።

«አንቺ ጥፋት የለብሽም» አለቻት ዶክተሯ፣ ወረቀቱን ወደ ራሷ እየሳበች። «እንዲያውም ከእናትሽ ቤት ብትርቂ ነው የሚሻልሽ።» እስክሪብቶዋን አነሳች። ሳይራሞ ያን ሁሉ ስድብ ተሸክማ፣ ወረቀቱን በስስት ታያለች። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት ዛይቱና። ግማሽ ደቂቃ ዝም ማለት።

«በዓይንሽ እያየሽ አስውጫት ያሏት እርስዎ ነዎት» አለች ቀስ ብላ። «በምን እንደሚዋጥ ግን አልነገሯትም። ለእኔም አልነገሩኝም። አንድም ቀን።»

ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን በበሩ አሰገጉ። ዶክተሯ አንገቷ ድረስ ቀላች። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን መልሳ ገጠመች።

«መጠኑ ሳይስተካከል አልፈርምም» አለች፣ ቀና ብላም ሳታያት። «ሰባ አምስት፣ በውሃ። በስድስት ሳምንት የደም ውጤት ይዘሽ ነይ። ቀጣይ!»

ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ። ዛይቱና በመስኮቱ ወንዙን እያየች ስድስት ሳምንቱን ቆጠረች፤ ፈተናው በመካከሉ ያልፋል። መስከረም ላይ ሻምቤ ካለበት ክፍል መመለሷ ነው። ይሁን፣ እናቷ ትምህርቱ ይብቃ ብትልም ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለአሥራ አንደኛ ትፈተናለች። ይህንንም ለእናቷ ነገረቻት፣ ልትለምን ሳይሆን እንድታውቀው ብቻ።

ሳይራሞ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ደግሞ ተናዳለች።

«ምን አስለፈለፈሽ?» አለች። «ልትፈርም ነበር እኮ! ዝም ብትይ ምን ነበረበት? እኔ እንደሆንኩ ስድብ ለምጃለሁ።»

«ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ» አለች ዛይቱና።