ማኒኪኗን ማን አለበሳት?

ቀሚሱ የለም።

ወንጌላዊት የስቱዲዮውን በር ከፍታ እንደገባች ደርቃ ቀረች። ማኒኪኗ፣ የልብስ ማሳያዋ አሻንጉሊት፣ ትናንት በተወቻት ቦታ፣ መስኮቱ ስር ቆማለች። ቀሚሱ ግን ከላይዋ ተገፏል። በምትኩ ወንጌላዊት አይታው የማታውቀው ነጠላ ተደርቦላታል።

"ኦ ማይ ጋድ! ጋሽ ጀማል! ጋሽ ጀማል!"

ጩኸቷ ሦስት ፎቅ ወርዶ ጥበቃው ጠረጴዛ ጋ ደረሰ። ጀማለዲን ሻዩን አስቀምጦ ተነሳ። ሊፍቱን አልጠበቀም። እስካሁን ጠዋቱ ሰላም ነበር። ፅዳት ሠራተኛዋ እትዬ ፋንታዬ ራሷን አሟት፣ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ በጊዜ ወጥታለች፤ በሩን የከፈተላት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሽ ያለ ነገር አልነበረም።

ጀማለዲን ደሴ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበር። ዳውንታውን ኦክላንድ መጥቶ የዩኒቨርሲቲ ጥበቃ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰው ከሥራው ጡረታ ይወጣል። ከጥርጣሬው ግን ማን ጡረታ ወጥቶ ያውቃል?

"ምንም እንዳትነኪ" አላት ገና ከበሩ። ስልኩን አውጥቶ ማኒኪኗን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ፎቶ አነሳት። "አሁን ንገሪኝ። ምንድን ነው የጠፋው?"

"ቀሚሴ! የሲኒየር ኮሌክሽኔ ዋናው! ዛሬ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ላይ ሾው አለ ጋሽ ጀማል። መድረክ ላይ ካልወጣ ፌይል አደርጋለሁ። አልመረቅም!"

አራት ዓመት ፋሽን ዲዛይን ተምራለች። ጣቶቿ በመርፌ ተበሳስተዋል፤ እናቷ ጋ እራት ከበላች ስንት ጊዜዋ ነው! ያ ሁሉ ልፋት ዛሬ በአንድ ቀሚስ ሊፈረድ ነው።

"ከምን የተሠራ ነበር?"

"ከአሮጌ የሀበሻ ቀሚስ። ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ስሪፍት ስቶር አገኘሁትና ፈታሁት፤ በራሴ ፓተርን ቆርጬ እንደገና ሠራሁት። ጫፉ ላይ ካውያ ያቃጠለው ቦታ ነበር። የሆነ ሰው በሰማያዊ ክር ጠቅሞታል። እሱን ደረቱ ላይ አመጣሁት። ፕሮፌሰሯ እሱን ነው የወደደችው።"

"ማን ማን አይቶታል?"

"የክፍል ልጆች ብቻ። ሁሌ ሎከር ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ትናንት ብቻ እንዳይጨማደድ ብዬ እዚህ ተውኩት።" ድምጿ ተሰበረ። "ማቲ ነው። አውቃለሁ እኮ፣ ማቲ ነው!"

የበሩ መዝገብም እንደሷ አለ። ከትናንት ማታ ወዲህ ከሷ ሌላ ስቱዲዮውን የከፈተ አንድ ኪይ ካርድ ብቻ ነው፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ የማቲ። ማቲ የክፍል ጓደኛዋ ነው። የሾው መዝጊያ የሚሆነው የሱ ሥራ ነበር፤ የወንጌላዊትን ቀሚስ ካዩ በኋላ ቦታውን ለሷ ሰጧት። ያኔ በሰው ፊት "ይሄ ዲዛይን አይደለም፣ ሪሳይክሊንግ ነው" ብሏታል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መጥታ ሁሉንም ሰማች። አሜሪካዊት ናት፤ ነገር ማንዛዛት አትወድም።

"እስከ ቀትር ካልተገኘ ፖሊስ እጠራለሁ" አለች። "ማቲም ከሾው ይወጣል።"

ማቲን ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ሳንታ ክላራ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛ ይገባዋል፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

"በጠዋት ምን ልትሠራ መጣህ?" አለው ጀማለዲን።

"የሱሪ ጫፍ ልሰፋ። የራሴን።"

"ቀሚሱን አየኸው?"

"አላየሁም። ማኒኪኗ ያንን ነጭ ነገር ለብሳ ነበር። ሐሳቧን ቀይራ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።"

"ዝም አልክ?"

"አንነጋገርም እኮ!"

"እጅጌህ ላይ ያለው ነጭ ክርስ?"

ማቲ እጅጌውን አየና ፊቱ ቀላ። "እዚህ ህንጻ ውስጥ ክር የሌለበት ሰው አለ? የእርስዎ ሱሪ ላይም አለ!"

ጀማለዲን ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም አለ። በልቡ 'የታባቱ' አለ፤ ልጁን ግን ወደደው።

"ውሸታም!" ብላ ወንጌላዊት ከበሩ ጮኸች።

"ቆይ፣ ልጄ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።"

ሁለቱን ወደ ስቱዲዮው ወስዶ ነጠላውን ከማኒኪኗ ላይ በጥንቃቄ አንስቶ ለማቲ ዘረጋለት። "አልብሳት እስቲ።"

ማቲ ተገርሞ ተቀበለው። ገለባበጠው። ከዚያ እንደ ሽርጥ ማኒኪኗ ወገብ ላይ አሰረላት። ጀማለዲን ፈትቶ ለወንጌላዊት ሰጣት። እሷ ሠርግ ላይ እንዳየችው ትከሻዋ ላይ ጣለችላት፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ።

ጀማለዲን ስልኩን አወጣ።

"አሁን ፎቶውን እዩት። ጥለቱ የት ነው?"

"አንገቷ ጋ" አለች ወንጌላዊት።

"ተዘቅዝቋል። ነጠላ እንዲህ የሚዘቀዘቀው ለቅሶ ላይ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ደሴ ግን ለቅሶ ሃይማኖት አይለይም፣ ስንቱን ክርስቲያን ጎረቤት ቀብሬያለሁ። ይሄ ልጅ ከነመኖሩም አያውቀውም። አንቺም አታውቂውም። ማኒኪኗን ያለበሳት ሰው እጁ ለምዶት ነው ያዘቀዘቀው።"

"እና ማን ነው?" አለ ማቲ።

ጀማለዲን በልቡ ያሰላ ጀመር። ማቲ ሲገባ ነጠላው እዚያ ከነበረ፣ ሌባው ቀድሞት ገብቷል። መዝገቡ ላይ ግን የለም። ካርድ ሳይነካ የሚገባ ማነው? ቁልፍ ያለው። ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እሱ ራሱ ነው።

ሁለተኛዋ ትዝ አለችው። እትዬ ፋንታዬ። አንዲት ልጇ ከሞተች ጀምሮ፣ ዓመቷ አልፎ እንኳ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ነጠላዋን በኮቷ ላይ አዘቅዝቃ ነው የምትገባው። ዛሬም እንደዚያው ገብታለች። ስትወጣ ግን ኮቷ ብቻ ነበር፤ በግንቦት ሙቀት እስከ አንገቷ የተቆለፈ። ነጠላው የለም።

"አላህ ይማርዎት ብዬ በሩን የከፈትኩላት እኔ!" አለ ለራሱ። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር እያልኩ ስንቱን አስተማርኩ! በአፍንጫዬ ስር አሳልፌ!"

ለኃላፊዋ ምንም አልተናገረም። ሴትየዋ ባትሆንስ? ሥራዋ ነው እንጀራዋ፤ በጥርጣሬ ብቻ ሰው አይገደልም። ተረኛውን ጠርቶ ጠረጴዛውን አስረከበ፤ ወንጌላዊትን መኪናው ውስጥ አስገባት።

880 አውራ ጎዳናን ይዘው ፋንታዬ ወደምትኖርበት ሳን ሆዜ ወረዱ።

"ግን ሁሌ ጠዋት ሃይ እላታለሁ!" ወንጌላዊት ዕንባዋ ከንዴቷ ጋር ተቀላቅሏል። "ምን አደረግኳት? ልትሸጠው ነው?"

"እንጃ። የወደቀ ቀለበት አግኝታ ጠረጴዛዬ ላይ የምታስቀምጥ ሴት ናት። እኔም አልገባኝም።" ትንሽ ነዳና ጠየቃት። "ስሪፍት ስቶር ያልሽው፣ የት ያለው ነው?"

"ሳን ሆዜ።"

ጀማለዲን ፊቱ ተለወጠ። ነዳጁን ረገጠው።

የፋንታዬን ቤት በር የከፈተው ገረመው የተባለው ባሏ ነበር። ግማሹን ብቻ ከፈተው።

"ታማለች። ተኝታለች" አለ ዓይኑን እያሸሸ።

"ለመጠየቅ ነው የመጣነው።"

"ሌላ ቀን ኑ፣ ጋሽ ጀማል። ዛሬ ማንንም..."

"ግቡ በላቸው" አለ ከውስጥ የደከመ ድምፅ።

ቀሚሱ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አንዱ ትከሻ ተተርትሯል። ፋንታዬ ቁርጥራጩን ከቁርጥራጭ እያጋጠመች፣ መርፌ በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

"እትዬ ፋንታዬ" አለ ጀማለዲን በዝግታ። "እርስዎ ነዎት የወሰዱት?"

"እኔ ነኝ።"

"በቁልፍዎ ገብተው?"

"አዎ። ቆሻሻ ልደፋ ገባሁ። መብራቱን ሳበራ ልጄ ቆማለች።"

ወንጌላዊት ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

"ፅጌረዳ ነርስ ሆና የተመረቀች ቀን የለበሰችው ነው" አለች ፋንታዬ። "ጠዋት ስተኩሰው ጫፉን አቃጠልኩት። እሪ አልኩ። ነጭ ክር አጣሁ፣ በሰማያዊ ጠቀምኩት። 'ተይው እማዬ፣ ጫፉን ማን ያየዋል' ብላ ሳቀችብኝ። የገዛ እጄን ስፌት ማኒኪን ደረት ላይ አየሁት! ያንን ስፌት እኔ አጣዋለሁ?" ወደ ባሏ ዞረች። "አዲስ አበባ ለእህትህ ልጅ ላክሁት አላልከኝም? ገረመው! አላልከኝም?"

ገረመው ግድግዳውን ተደገፈ። ሌባ ፍለጋ የመጣው ጀማለዲን ዋሾውንም አገኘ።

"ከአርባዋ በኋላ ሻንጣውን ሁሉ ለስሪፍት ስቶር ሰጠሁት" አለ ገረመው። "ቁም ሳጥኑን ከፍተሽ ቀሚሱን አቅፈሽ ታድሪ ነበር። እህል አትቀምሺም። አንቺንም የምቀብር መሰለኝ። ከዚያ እውነቱን መናገር ፈራሁ።"

ፋንታዬ ፊቷን ወደ ቀሚሱ መለሰች። ጀማለዲን አንድ ነገር ግን ቀርቶበታል።

"ነጠላዎትን ለምን ተዉት? ባይተዉት እኮ ማንም አይደርስብዎትም ነበር።"

ፋንታዬ በጥያቄው የተገረመች መሰለች።

"እና ራቁቷን ልተዋት?" አለች። "የልጄን ልብስ የለበሰችን፣ እርቃኗን አስቀርቼ ልሂድ?"

ወንጌላዊት ወደ ጀማለዲን ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ አንሾካሾከች። ምን እንደሚባል ነው የጠየቀችው። ነገራት።

"እግዜር ያጽናዎት" አለች። አማርኛዋ ተንገዳገደ፣ ግን ደረሰ። "አላወቅኩም ነበር። ቀሚሱ የርስዎ ነው። ይውሰዱት።"

"ሾውሽስ?"

ወንጌላዊት ትከሻዋን ነቀነቀች። ዕንባዋ ወረደ። "ይቅር።"

ፋንታዬ ቀሚሱን አየችው። "ምኑን ልውሰደው፣ ልጄ? እጅጌው አንገት ሆኗል፣ ጫፉ ደረት ሆኗል። ከጠዋት ጀምሮ ብገጥመው፣ ብገጥመው፣ የሷ አልሆን አለኝ።" ሰማያዊው ስፌት ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ግን ይሄንን ለምን ደረት ላይ አወጣሽው? እኔ የደበቅኩትን?"

"ከቀሚሱ ሁሉ ያማረኝ እሱ ነው" አለች ወንጌላዊት። "የሰፋው ሰው ቸኩሏል። ግን ደግሞ በጣም ይወዳታል። ያስታውቃል።"

ፋንታዬ አለቀሰች። ጮክ ብላ፣ ሳትደብቅ። ገረመው መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ አላባረረችውም።

ስታበቃ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "ሾውሽ ስንት ሰዓት ነው?"

"አምስት።"

"ነጭ ክር ይዘሻል?"

"ስቱዲዮ ነው ያለው።"

"እኔም ያለኝ ሰማያዊ ብቻ ነው" አለች ፋንታዬ፣ መርፌውን እያቀናች። "ነይ፣ ትከሻውን ያዥልኝ።"

ጀማለዲን ወደ ውጭ ወጥቶ ስልክ ደወለ። ቀትር ሊሆን አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

"ቀሚሱ ተገኝቷል" አላት ኃላፊዋን። "ማቲ የለበትም።"

"ማን ነው የወሰደው?"

"የቀሚሱ ባለቤት።"

"ባለቤቱ ወንጌላዊት አይደለችም እንዴ?"

"እሷም ናት። ክሱን ትታዋለች። ሪፖርቱን እኔው ጽፌ አመጣለሁ" ብሎ ዘጋው። ምን ብሎ እንደሚጽፈው ገና አላወቀም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲጽፍ እንዲህ ያለ አልገጠመውም።

ከሰዓት በኋላ ወንጌላዊት ማቲን ከመድረኩ ጀርባ አገኘችው። "ሶሪ" አለችው። እሱ የሸሚዝ ቁልፍ እያስተካከለ ነበር።

"ዛሬ ይቅር አልልሽም" አላት። ቀና ብሎም አላያትም።

አምስት ሰዓት ሲሞላ አዳራሹ ጢም ብሏል። ፋንታዬና ገረመው የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጀማለዲን መጣና ነጠላውን አጣጥፎ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

"ማስረጃዬን መለስኩልዎት።"

ፋንታዬ ተቀብላ ደረበችው። እጇ እንደለመደው አዘቀዘቀችው።

የማቲ ሥራዎች አለፉ። የሌሎቹም አለፉ። በመጨረሻ አንዲት ረጅም ልጅ በነጩ ቀሚስ ወጣች፤ ደረቷ ላይ የድሮው ሰማያዊ ስፌት፣ ትከሻዋ ላይ የዛሬው። አዳራሹ አጨበጨበ። ጫፉን ማን ያየዋል የተባለው ስፌት አሁን ሁሉም ሰው እያየው ነው።

ልጅቷ ፊታቸው ስትደርስ ፋንታዬ ብድግ አለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ገለበጠችው። ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንደገና ለበሰችውና ቁጭ አለች።

"አምሮባታል" አለች ለባሏ።